ሰሜን ተራሮችን በእግር፦ ከጎንደር እስከ ቧሂት በአራት ሌሊት

ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ። ደባርቅ 2,850። ሳንቃ በር 3,250። ግጭ 3,600። ጨነቅ 3,620።

እነዚህ ከባሕር ጠለል በላይ ያሉ ከፍታዎች ናቸው። ወረቀት ላይ ጻፏቸው። ደረጃ አድርጋችሁ አስቧቸው። ከጎንደር ትነሳላችሁ፤ በቀሪዎቹ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሌሊት ታድራላችሁ። በአምስተኛው ቀን ረፋድ 4,430 ሜትር የሆነው የቧሂት ጫፍ ላይ ትቆማላችሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህን ደረጃ ሳይዘሉ ለመውጣት የሚረዳ ነው።

ይህን ያወቅኩት ተቀጥቼ ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ማለዳ ከጎንደር በመኪና ተነሳን። የዚያኑ ቀን ጨነቅ ገብተን ድንኳን ተከልን። በአንድ ቀን 1,500 ሜትር መውጣታችንን ማናችንም አላሰብነውም። እኩለ ሌሊት ላይ ራሴን ሊፈልጠኝ ደረሰ። አብራን የነበረች ልጅ እስኪነጋ ድረስ ሲያስመልሳት አደረ። ጠዋት ዋልያዎች ከድንኳኑ ፊት ለፊት ባለው ገደል ላይ ቆመው ነበር። እኔ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ወዲያው ወደ ደባርቅ ወረድን፤ ገና እየወረድን እያለ ሁላችንም ተሻለን። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። ደረጃውን ጠብቄ በሄድኩ ቁጥር እንደዚያ ታምሜ አላውቅም።

ጎንደር ተወልደን ያደግን ብዙዎቻችን ሰሜን ተራሮችን የምናውቀው በመኪና መስኮት ነው። ጠዋት ሄዶ፣ ጭላዳ ፎቶ አንስቶ፣ ማታ መመለስ። ምንም ክፋት የለውም። ግን ተራራው በእግር ሲሆን ሌላ ነው። ደግሞ የሚመስለውን ያህል ከባድ አይደለም። ጤነኛ የሆነ፣ ሳምንት ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ የሚውል ሰው፣ ትንሽ ከተዘጋጀ ይችለዋል።

መቼ ይኬዳል

ከሁሉ የምመርጠው ጥቅምትና ኅዳርን ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ መሬቱ ገና አረንጓዴ ነው፣ ወንዙ ሙሉ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ታኅሣሥና ጥር ፀሐያማ ናቸው፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ አለው፤ ጠዋት ድንኳኑ ላይ ነጭ በረዶ ታገኛላችሁ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሣሩ ይደርቃል፣ አየሩ ይደበዝዛል፣ ፏፏቴው ይከሳል። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ያለውን ተዉት። ጭቃው ያዳልጣል፣ ጭጋጉ ገደሉን ይሸፍናል። ገደል የማይታይበት ቀን ሰሜን ተራሮች ላይ መራመድ አደገኛ ነው።

ለጥምቀት ሰሞን የምታስቡ ካላችሁ፣ ጎንደር ከተማው በእንግዳ ይሞላል። መኪናም አልጋም ጭንቅ ነው። ወይ ቀድማችሁ ውጡ፣ ወይ በዓሉ ካለፈ ሳምንት በኋላ።

ጾምም ይታሰብበት። በነቢያት ጾም ወይም በዐቢይ ጾም የምትሄዱ ከሆነ መሄድ ይቻላል፤ የጾም ምግብ ለተራራ የሚሆን እንዲያውም ብዙ አለ። ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ ሽቅብ ሰባት ሰዓት መራመድ ሌላ ነገር ነው። የምታስቀድሱና አጥብቃችሁ የምትጾሙ ከሆነ ከጾሙ ውጭ ያለውን ጊዜ ምረጡ።

መጀመሪያ ወሬ ጠይቁ

ይህ ከጫማም ከድንኳንም ይቀድማል። ባለፉት ዓመታት በክልላችን የነበረውን ሁሉም ያውቀዋል። መንገዱ ክፍት የሆነበትም የተዘጋበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ሳምንት ደባርቅ የሚገኘውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። በማግስቱም እንደገና ጠይቁ። በዚያ መንገድ የሚመላለሱ ሹፌሮችን መናኸሪያ ሄዳችሁ አነጋግሩ። ከወር በፊት የተለጠፈ የፌስቡክ ፎቶ አይቶ መነሳት ልክ አይደለም። መንገዱ አያስተማምንም ከተባለ ቀሩ። ተራራው በሚቀጥለው ጥቅምትም አለ።

እግርን ማለማመድ

ለሦስት ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን ሽቅብ ውጡ። ጎንደር ለዚህ የታደለች ናት። ከፒያሳ ተነስቶ ጎሃ ኮረብታ መውጣት፣ ወይም ወደ ቁስቋም መውጣት ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ባዶ እጃችሁን። በሁለተኛው ሁለት ሊትር ውሃ ተሸክማችሁ። በሦስተኛው ልክ ለጉዞው የምትይዙትን ቦርሳ አዝላችሁ። መውረዱንም በእግር ይሁን፤ ጉልበት የሚጎዳው ሲወርዱ ነው።

የመጨረሻውን እሑድ ኮሶዬ ሂዱበት። በደባርቅ መንገድ ላይ ከጎንደር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ገደሉ አፋፍ ላይ ሦስት አራት ሰዓት ተራመዱ። ጭላዳም ታያላችሁ። ጫማችሁ የት ቦታ እንደሚፍቅ የምታውቁት እዚያ ነው። ጫማው አዲስ ከሆነ ደግሞ ያለ ኮሶዬ እንዳትሄዱ። በሁለተኛው ቀን ተረከዛችሁ ውሃ ከቋጠረ፣ ቀሪው ሦስት ቀን ስለ ተረከዛችሁ ብቻ ስታስቡ ታልፋላችሁ።

የእግር ጥፍር ከመነሳት ሁለት ቀን በፊት ይቆረጥ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ጥፍር ነው የሚያስለቅሰው።

የሚያዘው

ብርዱን አትናቁት። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አየሩ ከስድስት ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። ጎንደር ላይ ሹራብ ያስለበሰ ማታ ግጭ ላይ ውሃ ያረጋል። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ይለበልባል። ሁለቱንም በአንድ ቦርሳ መያዝ አለባችሁ።

ለሌሊት፦ ወፍራም የመኝታ ከረጢት፣ ከሥር የሚነጠፍ ስፖንጅ፣ ሁለት ጥንድ ወፍራም ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ጃኬት። ስፖንጁን የሚረሱት ሰዎች ብዙ ናቸው። ብርዱ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሬቱ ነው የሚመጣው። ከረጢታችሁ ስስ ከሆነ ቡልኮ ጨምሩ። ቡልኮ ይከብዳል፣ ግን የሚሸከመው ከደባርቅ የምትከራዩት በቅሎ ነው፤ ከአያቶቻችን ጀምሮ የደጋን ሌሊት ያሳለፈ ልብስ ነው። ጋቢም ማታ እሳት ዳር ሳይሆን ድንኳን ደጃፍ ላይ ለመቀመጥ የሚተካው የለም። ለምን እሳት ዳር እንዳልሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ለቀን፦ ሰፊ ባርኔጣ፣ ሰንስክሪን፣ የዝናብ ልብስ፣ ሦስት ሊትር ውሃ የሚይዝ እቃ፣ ሽመል ወይም ከዘራ። ከዘራውን የሽማግሌ ነው ብላችሁ አትተዉት። ቁልቁለት ላይ ሦስተኛ እግር ነው።

ባትሪ በግንባር የሚታሰር ከሆነ ጥሩ። የስልክ ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚያልቅ ፓወር ባንክ ያዙ፤ ሌሊት ስልኩንም ፓወር ባንኩንም ከእናንተ ጋር ከረጢት ውስጥ አስተኟቸው። ኔትወርክ በብዙ ቦታ የለም፤ ለቤተሰብ የምትመለሱበትን ቀን አስቀድማችሁ ንገሩ።

መድኃኒት፦ ፓራሲታሞል፣ ኦአርኤስ፣ ፕላስተር፣ ፋሻ፣ ውሃ የሚያጣራ ኪኒን ወይም ውሃ አጋር። ልብ፣ አስም ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ከመነሳቱ በፊት ሐኪም ያማክር። እርጉዝ የሆነችም እንዲሁ።

አንድ ማሳሰቢያ። በቅሎዎቹ ሁልጊዜ በእናንተ መንገድ አይሄዱም፤ ገደል አፋፉን ትተው በአቋራጭ ይቀድማሉ። ስለዚህ ውሃ፣ ምሳ፣ የዝናብ ልብስና ጃኬት ከጀርባችሁ አይለዩ።

ስንቅ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የፈረንጅ መመሪያ ስለ ፓስታና ስለ ቸኮሌት ነው የሚያወራው። እኛ ግን ለረጅም መንገድ የሚሆን ስንቅ ሠርተን ያስቀመጥን ሕዝብ ነን።

በሶ ከሁሉ ይቀድማል። እሳት አይፈልግም፣ ቀላል ነው፣ ቶሎ ኃይል ይሰጣል። ጠዋት በውሃና በትንሽ ማር በጥብጦ መጠጣት ለሦስት ሰዓት ያስኬዳል። የፍስክ ከሆነ ጭኮ ያዙ፤ በቅቤ የታሸ ስለሆነ በብርድ ላይ ይጠነክራል፣ ግን ሆድ ይይዛል። ቆሎ ኪስ ውስጥ ይሁን። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ጭብጥ። ተርባችሁ እስክትቆሙ አትጠብቁ። ዳቦ ቆሎ ለማታ፣ ቋንጣ ለፍስክ፣ ድርቆሽ ደግሞ ለሁሉም። ድርቆሽ ፍርፍር ተራራ ላይ እንደሚጣፍጥ የትም አይጣፍጥም።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት። 3,600 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ88 ዲግሪ ገደማ ነው። እየተንፈቀፈቀ እያያችሁት ሙቀቱ ግን ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ክክና ምስር አይበስልም ቢባል ይቀላል። ነዳጃችሁ ያልቃል፣ ክኩ ጠጠር ሆኖ ይቀራል። ሽሮ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሽሮ ዱቄት ስለሆነ ይደርሳል። የተቁላላ ሽንኩርትና በርበሬ ጎንደር ላይ ሠርታችሁ በዕቃ ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ ማታ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ወጥ አላችሁ።

ስንቁን ስትቆጥሩ መሣሪያ ይዞ አብሯችሁ የሚሄደውን የፓርኩን ስካውትና ባለበቅሎውን ጨምሩ። አብሮ የሚሄድን ሰው አስቀምጦ መብላት በእኛ ዘንድ የለም። ስለዚህ አራት ከሆናችሁ ለስድስት ወይም ለሰባት ያዙ።

አንደኛ ቀን፦ ደባርቅ

ከጎንደር መናኸሪያ ወደ ደባርቅ ሚኒባስ አለ። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፋችሁ ትደርሳላችሁ። ጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሥራ አለባችሁ።

ጽሕፈት ቤቱ ደባርቅ ከተማ ውስጥ ነው። መታወቂያ ያዙ፤ ለኢትዮጵያዊ ክፍያው ለውጭ ዜጋ ከሚጠየቀው በብዙ ያንሳል። የመግቢያና የካምፕ ክፍያ ትከፍላላችሁ። መሣሪያ የያዘ ስካውት ይመደብላችኋል፤ ያለ ስካውት መግባት አይፈቀድም። አስጎብኚ፣ ባለበቅሎና ምግብ አብሳይም እዚያው ይገኛሉ። ዋጋውን፣ የቀኑን ብዛት፣ የመመለሻ ቀናቸውንም ጭምር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ባለበቅሎው ከእናንተ ተለይቶ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ቀን እንደሚከፈለው አትርሱ።

ጥሬ ብር ከደባርቅ በኋላ ከየትም አታወጡም። እዚያው ጨርሱ። ከዚያ ደባርቅ እደሩ። “ጊዜ አለን፣ ሳንቃ በር ገብተን እንደር” የሚል ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም። አትስሙት። የደረጃው የመጀመሪያ መርገጫ ይህች ሌሊት ናት።

ሁለተኛ ቀን፦ ከቡይት ራስ ሳንቃ በር

ከደባርቅ እስከ ቡይት ራስ በመኪና ሂዱ። በመካከል ያለው የእርሻ መንደርና የባሕር ዛፍ ነው፤ እግራችሁን ለበለጠው አቆዩት። ቡይት ራስ ላይ ውረዱና መኪናውን መልሱ።

ከዚህ እስከ ሳንቃ በር ሦስት አራት ሰዓት ነው። ገደሉን በስተግራ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። በመጀመሪያው ቀን ማንም ሰው ይቸኩላል፤ ጉልበቱ አለ፣ አየሩ ደስ ይላል። ልኩን ልንገራችሁ፦ እየተራመዳችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጡ መናገር ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል። ቀስ በሉ። ስካውቶቹን እዩ። ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ጠብመንጃ አንግቶ፣ በላስቲክ ጫማ፣ እንደ ሰዓት መቁጠሪያ አንድ ዓይነት እርምጃ ይሄዳል። አይሮጥም። አይቆምምም። ከእሱ ኋላ ሁኑና እርምጃውን ውሰዱ።

ጭላዳዎችን እዚህ መንገድ ላይ ታገኟቸዋላችሁ፤ አንዳንዴ በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አይገኙም። ሣር በሊታ ናቸው፤ ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሲለቅሙ ይውላሉ። ማታ ገደሉ ግድግዳ ላይ ያድራሉ፤ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ወደ አፋፉ ይወጣሉ። አይነኳችሁም። እናንተም አትጠጓቸው፣ ምንም አታብሏቸው። ዳቦ የለመደ ጭላዳ የገበሬ ማሳ ውስጥ መግባት ይለምዳል፤ ከገበሬው ጋርም ይጣላል።

ሦስተኛ ቀን፦ አስታው፣ ጅንባርና ግጭ

ከአምስቱ ቀን ለእኔ ትልቁ ይህ ነው። በጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሱ።

ከሳንቃ በር እንደወጣችሁ አስታ ደን ውስጥ ትገባላችሁ። ጎንበስ ያለ፣ የተጣመመ ዛፍ ነው። ከቅርንጫፎቹ እንደ ሽማግሌ ጺም የመሰለ ግራጫ ነገር ይንጠለጠላል። ጭጋግ ሲገባበት ጫማችሁ እንኳ አይሰማም። እዚህ ውስጥ ድምፅ ዝቅ አድርጉ፤ ድኩላ ሊወጣላችሁ ይችላል።

በ2011 ዓ.ም. በበጋው ማብቂያ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ በፓርኩ የተነሳው እሳት በእንዲህ ያለ ደን ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አሳይቶናል። ሰፊ የጓሳ ሣርና አስታ ተቃጠለ። የአካባቢው ሰው በቅጠልና በአፈር ሲታገለው ሰነበተ፤ እሳት ለማጥፋት ከእስራኤል ሳይቀር ባለሙያ መጣ። አስታ ቀስ ብሎ ነው የሚያድግ። እሳት ዳር ሳይሆን ያልኩት ለዚህ ነው። እንጨት አትልቀሙ፣ እሳት አታንድዱ። በጋዝ ወይም በላምባ ምድጃ አብስሉ። ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ቁራጩን በቆርቆሮ ይያዘው። ስለዚህ ጉዳይ ተለማምጬ መናገር አልችልም።

ከደኑ ወጣ ስትሉ የጅንባር ፏፏቴ ማያ አለ። ከዋናው መንገድ ትንሽ ገንጠል ብሎ ነው። ውሃው 500 ሜትር ያህል ወደ ሸለቆው ይወረወራል። ጥቅምት ላይ ከሩቅ ይሰማል። ማያው ቦታ ጠባብ ነው፤ አንድ በአንድ እየሆናችሁ እዩ። ንፋስ ካለ ተቀምጣችሁ እዩ።

ቆም ብላችሁ የገደሉን ግድግዳ ተመልከቱ። እንጀራ በእንጀራ ላይ እንደተነባበረ መሶብ፣ ንብርብሩ ይታያል። እያንዳንዱ ንብርብር ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ባዛልት ነው። ቀልጦ ፈሰሰ፣ ረጋ፣ በላዩ ሌላ ፈሰሰ። ከዚያ ዝናብና ወንዝ እየቆረሱ ወሰዱት። ያልተቆረሰው ዓምድና አምባ ሆኖ ቀረ። ያ ከፊታችሁ የሚወርደው ጅንባር ዛሬም እየቆረሰ ነው። ከታች ሸለቆው ውስጥ የቆሙት ሹል ዓለቶች ለብቻቸው የተሠሩ አይደሉም፤ የተቀረው ተነስቶ የቀሩ ናቸው።

ከዚያ መንገዱ ወደ ጅንባር ወንዝ ይወርዳል። ምሳችሁን ወንዙ ዳር ብሉ። እግራችሁን ውሃ ውስጥ ንከሩ፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ግን እብጠት ያወርዳል። ካልሲ ቀይሩ። ውሃ ሙሉ፤ ሳታፈሉ ወይም መድኃኒት ሳታደርጉበት ግን አትጠጡ፣ ከላይ ከብት ይሰማራል። መስከረም መጨረሻ ላይ ከሆነ ወንዙን ስካውቱ ባሳያችሁ ቦታ ብቻ ተሻገሩ።

ከወንዙ በኋላ ያለው ዳገት የቀኑ ፈተና ነው። ከመውጣታችሁ በፊት በሶ ጠጡ። ሃያ ደቂቃ ውጡ፣ ሁለት ደቂቃ ቁሙ። ተቀምጣችሁ ረጅም እረፍት አትውሰዱ፤ እግር ይቀዘቅዛል።

በመንገዱ የግጭ መንደር የነበረበትን ታልፋላችሁ። ነዋሪዎቹ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። የቤት መሠረትና የድንጋይ ካብ ይታያል። የሰው ቤት የነበረ ነውና በአክብሮት እለፉ። አብሯችሁ ያለው ስካውት ወይም ባለበቅሎ እዚያው ተወልዶ ሊሆን ይችላል። ካወራላችሁ ስሙት፤ ካላወራ አታስጨንቁት።

ሜዳው ላይ ስትወጡ ጅብራ የተባለው ተክል ይቀበላችኋል። “ምን እንደ ጅብራ ትገተራለህ” ሲባል ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ጅብራን በዓይኑ ያየው ግን ጥቂት ነው። ጓሳው መሃል ለብቻው ቀጥ ብሎ፣ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ፣ ንፋስ ሳያነቃንቀው ሲቆም ስታዩት ተረቱ በአንድ ጊዜ ይገባችኋል።

ግጭ ካምፕ ስትደርሱ ላባችሁ ሳይደርቅ ደረቅ ልብስ ቀይሩ። ሞቅ ያለ ነገር ጠጡ። እስኪመሽ ጥቂት ሽቅብ ዞር ዞር በሉና ተመልሳችሁ ተኙ፤ ከሚታደርበት ከፍ ብሎ መመለስ አካልን ያላምዳል።

አራተኛ ቀን፦ እሜት ጎጎና ጨነቅ

ረጅሙ ቀን ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ተነሱ። ሌላም ምክንያት አለው። ከረፋድ በኋላ ደመና ከቆላው ተነስቶ ገደሉን ይወጣል፤ ያኔ እሜት ጎጎ ላይ ብትቆሙ ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው የምታዩት።

እሜት ጎጎ 3,926 ሜትር ነው። ወደ ሸለቆው እንደ ምላስ ሾልኮ የወጣ ዓለት ነው፤ በሦስት በኩል ገደል። ከጫፉ ቢያንስ ሦስት እርምጃ ራቁ። ጠርዙ ላይ ያለው ድንጋይ ይንዳል፤ ንፋሱም ድንገት ይመጣል። ጀርባን ለገደል ሰጥቶ ፎቶ መነሳት የለም። ልጆች ከያዛችሁ እጃቸውን ያዙ።

ጠዋት ጓሳው ላይ ቀይ ቀበሮ ካያችሁ ታድላችኋል። በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ መራባት የደረሱት ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም ያሉት እኛ አገር ነው። እኔ በስንት ጉዞ ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ ጨነቅ ነው። ጉልበት ያለው በእናትዬ፣ በ4,070 ሜትሩ ጫፍ በኩል ይሄዳል። የደከመው በአጭሩ መንገድ ይሂድ። አብሮ መሄድ የግድ ነው፤ ፍጥነቱ የሚለካው በደካማው ሰው ነው።

ጨነቅ አመሻሽ ላይ ዋልያ የሚታይበት ነው። ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም የትም የሌለ እንስሳ ነው፤ ብሔራዊ ቡድናችን ስሙን የወሰደለት። ወንዱ ወደ ኋላ የታጠፈ ትልቅ ቀንድ አለው። ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ ራሱ ይወጣል።

አምስተኛ ቀን፦ ቧሂት

ሌሊት 11 ሰዓት ተነሱ። ከጨነቅ 800 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው፤ ሦስት ሰዓት ስጡት። ከ4,000 ሜትር በላይ እርምጃችሁ በራሱ ያጥራል። አትታገሉት። አሥር እርምጃ፣ አንድ ትንፋሽ፣ አሥር እርምጃ። ዛፍ ያልቃል፣ ጅብራና ድንጋይ ብቻ ይቀራል።

ጫፉ ላይ በስተምሥራቅ፣ ከመሸሃ ወንዝ ሸለቆ ማዶ፣ ራስ ደጀን ይታያል። ትምህርት ቤት 4,620 ሜትር ብለን ነበር የተማርነው፤ በኋላ የተለካው 4,550 ገደማ ነው። ግማሽ ሰዓት ቆዩ፣ ውሃ ጠጡ፣ ውረዱ። መኪናችሁ ጨነቅ መጥታ ትጠብቃችሁ።

ራስ ደጀንንም ለመውጣት ከፈለጋችሁ፣ ሦስት ቀን ጨምሩ። ከጨነቅ በቧሂት በር አልፋችሁ እስከ መሸሃ ወንዝ ትወርዳላችሁ፣ 2,800 ሜትር ድረስ። የወጣችሁትን ሁሉ ትወርዱና እንደገና ወደ አምቢቆ ትወጣላችሁ። በማግስቱ ጫፉን ወጥታችሁ ትመለሳላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ አልመክርም። ቧሂትን በደህና የወጣ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ይሂድ።

ራስ ምታት ሲጀምር

መጠነኛ ራስ ምታት፣ ምግብ አለመፈለግ፣ እንቅልፍ ማጣት ሊመጣ ይችላል። ዋናው ነገር አትደብቁት። ጀግንነት አይደለም። ለባልደረቦቻችሁ ንገሩ፣ ውሃ ጠጡ፣ ዕረፉ፣ ፓራሲታሞል ውሰዱ። እስኪተዋችሁ ድረስ ከፍ ወዳለ ቦታ አትሂዱ። ቀን መጨመር ካለባችሁ ጨምሩ። አልኮልና የእንቅልፍ ኪኒን አይሆንም።

አንድ ሰው ሲራመድ እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ወይም ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ እስኪነጋ አይጠበቅም። በዚያው ሰዓት ይውረድ፤ ብቻውን ሳይሆን ከሰው ጋር። መድኃኒቱ መውረድ ነው። አምስት ስድስት መቶ ሜትር መውረድ ሰው ያተርፋል። ለዚህ ነው የሾፌሩን ስልክ ቁጥር ስካውቱም እንዲይዘው የማደርገው፤ ኔትወርክ የት እንደሚገኝ የሚያውቀው እሱ ነው።

ስትመለሱ

የያዛችሁትን ፌስታልና ላስቲክ ሁሉ ይዛችሁ ውረዱ። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ነበር፤ ከፋሲል ግቢ በአንድ ዓመት ይቀድማል። በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገባ፤ ከዚያ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ የውሃ ፕላስቲክ ጓሳ ውስጥ ሳይ የሚያመኝ ለዚህ ነው።

ስካውቱንና ባለበቅሎውን ሒሳብ መኪና ላይ ከመውጣታችሁ በፊት፣ በእጃቸው ስጡ፤ በሌላ ሰው አትላኩ። የተረፈ ስንቅ ካለ ጠይቃችሁ ስጧቸው። ደባርቅ ላይ ትኩስ ነገር ብሉና ከመምሸቱ በፊት ወደ ጎንደር ተነሱ።

በማግስቱ ድንኳኑን ግቢ ውስጥ ዘርግታችሁ ፀሐይ አስመቱት። የመኝታ ከረጢቱንም ገልብጣችሁ አስጡት። እርጥበቱን ይዞ ከተጠቀለለ እስከ ሚቀጥለው ጥቅምት ሻጋታ ይበላዋል።